የዘር ሐረግ ፍለጋ ለጀማሪዎች፦ ከአረጋውያን አንደበት እስከ መዝገብ ቤት

በውጭ አገር የተዘጋጁ የዘር ሐረግ መመሪያዎች ከቤተሰብ መጠሪያ ስምና ከልደት መዝገብ ይነሳሉ። እኛ ዘንድ ሁለቱም የሉም። ስማችን በየትውልዱ ይለወጣል። የልደት ምዝገባም በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቢደነገግም፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። አያታችሁ የልደት ምስክር ወረቀት ቢኖራቸው እንኳ፣ ብዙውን ጊዜ ካደጉ በኋላ በቃል የተነገረ ቀን ተጽፎበት የወጣ ነው።

በምትኩ ሌላ ሀብት አለን፦ እስከ ሰባት ቤት ዘር የሚቆጥሩ አዛውንት፣ ሁሉም የሚያውቀው ደብርና ታቦት፣ የእድር መዝገብ፣ የርስትና የውርስ ክርክር ፋይል። በዚህ አገር ስም ብቻውን ማንንም አይለይም። «ከበደ ተሰማ» የሚባል ሰው በየወረዳው አለ። አንድን ሰው ከሌላው የሚለየው የአያቱ ስም፣ የደብሩና የትዳር ጓደኛው ስም ሲጨመር ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ ደብተርና ቁጥር

ጠንካራ ሽፋን ያለው ወፍራም ደብተር ግዙ፤ 200 ገጽ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል። በእርሳስ ጻፉ፣ ምክንያቱም ብዙ ትሰርዛላችሁ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሙሉ ገጽ ስጡ።

የቤተሰብ ስም ስለሌለን ሰውን በቁጥር መያዝ ግራ ከመጋባት ያድናል። እናንተ 1 ናችሁ። የማንኛውም ሰው አባት የዚያ ሰው ቁጥር ሁለት እጥፍ ነው፤ እናት ደግሞ ሁለት እጥፍ ሲደመር አንድ። አባታችሁ 2፣ እናታችሁ 3 ይሆናሉ። የአባታችሁ እናት 5፣ የእርሳቸው አባት 10፣ እናታቸው 11። ከቁጥር 1 በቀር ለሁለት እኩል የሚካፈል ቁጥር ሁሉ ወንድ ነው፣ ጎደሎው ሁሉ ሴት። ወንድምና እህት በፊደል ይጨመራሉ፦ የ5 ታላቅ ወንድም 5ሀ፣ ታናሽ እህት 5ለ።

የመጀመሪያው ግባችሁ ከ1 እስከ 15 ያለውን መሙላት ይሁን፤ ያ እስከ ቅድመ አያት ያደርሳችኋል። ሲሞላ ባዶ ሆነው የሚቀሩት አብዛኛውን ጊዜ ጎደሎዎቹ ናቸው። ሰው ዘሩን ሲቆጥር «እገሌ የእገሌ ልጅ» እያለ በአባት በኩል ብቻ ስለሚወርድ፣ የሴቶቹ ስም ይዘለላል። ቁጥሩ ይህን ክፍተት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ በቃል ብቻ ብትሄዱ ግን ልብ አትሉትም።

በእያንዳንዱ ገጽ ላይ እነዚህ ይኑሩ፦ የዓለም ስም፣ የክርስትና ስም፣ የቤት ስም፣ ማዕረግ ወይም የፈረስ ስም ካለ፤ የአባትና የአያት ስም፤ የእናት ስም ከነአባቷ፤ የትውልድ ቦታ ከነደብሩ ወይም ከነመስጊዱ፤ የትዳር ጓደኛ ወይም ጓደኞች፤ ልጆች በቅደም ተከተል፣ በሕፃንነታቸው የሞቱትም ጭምር፤ የተቀበሩበት ቦታ። በስተቀኝ ሰፊ ዓምድ ተዉና በየመረጃው አንጻር ማን እንደነገራችሁ፣ መቼ እንደነገራችሁ፣ እርሱስ እንዴት እንዳወቀው ጻፉ። «አያቴ ሲናገሩ ሰምቼ» እና «ቀብር ላይ ነበርኩ» እኩል ክብደት የላቸውም።

ደረጃ 2፦ ማንን ቀድሞ መጠየቅ

በዕድሜ ቅደም ተከተል ሂዱ። መዝገቡ ለከርሞም ይደርሳል፤ የ85 ዓመት አዛውንት ጋ መሄድ ግን መዘግየት የለበትም። ከዕድሜ ቀጥሎ የማስታወስ ችሎታንና የኖሩበትን ቤት ተመልከቱ። ከአያት ጋር ያደገ ልጅ፣ ርስት የተከራከረ ሰው፣ የደብር አለቃ፣ አዋላጅ የነበሩ እናት፣ በጋብቻ ጊዜ ዘር ይቆጥር የነበረ ሽማግሌ ከሌላው በላይ ያውቃሉ።

በተለይ ጎጃምና ጎንደር ርስት በአባትም በእናትም ይወረድ ስለነበር፣ መሬት የጠየቀ ሰው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት ጀምሮ እስከ ራሱ መቁጠር ነበረበት። ክርክሩን የሰሙ አዛውንት ሐረጉን እስካሁን በቃላቸው ይወርዱታል። ከ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በፊት ለአቅመ አዳም የደረሱት ግን ዛሬ በጣም ጥቂት ናቸው፤ ስለዚህ የዚህ ዕውቀት ጊዜው እያለቀ ነው።

ሴቶችን ለብቻቸው ጠይቁ። ወንዶች ባሉበት ዝም የሚሉ እናቶች ቡና ላይ ሲቀመጡ የማን ልጅ በማን ክርስትና እንደተነሳ፣ ማን በአራስነቷ እንደሞተች፣ ማን ሁለት ጊዜ እንዳገባች ያወራሉ።

ደረጃ 3፦ ጭውውቱ

ባዶ እጅ አይኬድም፤ ቡናና ስኳር ይበቃል። ከገበያ ቀን፣ ከለቅሶና ከጾም ድካም ሰዓት ውጭ ያለ ጊዜ ምረጡ፤ ጠዋት ይሻላል። የመጣችሁበትን ምክንያት በመጀመሪያው ደቂቃ ተናገሩ። «የአባቴን አባት ስም ንገሩኝ» ብሎ የሚመጣ የከተማ ልጅ ብዙ ጊዜ ለመሬት ወይም ለውርስ እንደመጣ ይጠረጠራል። ያ ጥርጣሬ ካልጠፋ የምትሰሙት ግማሹን ብቻ ነው። ከሚያውቁት ዘመድ ጋር መሄድ ነገሩን ያቀላል።

ድምፅ ለመቅዳት አስፈቅዱ። ስልኩን የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጉት፤ መሃል ላይ ጥሪ ከገባ ቅጂው ሊቋረጥ ይችላል። ከተናጋሪው ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ከጀበናውና ከሬዲዮ ራቅ አድርጋችሁ ጨርቅ ላይ አስቀምጡት። መጀመሪያ ራሳችሁ ቀኑን፣ ቦታውንና የተናጋሪውን ሙሉ ስም ተናገሩ። በአንድ ጊዜ ከ45 ደቂቃ አትለፉ፤ ሁለተኛው ጉብኝት ከመጀመሪያው ይበልጣል፣ ምክንያቱም በመካከሉ ሌሊቱን ሲያስታውሱ ያድራሉ።

«ስንት ዓመትዎ ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። በቦታ ጀምሩ፦ «እማማ፣ ያደጉበት ደብር ማነው? ቤታችሁ ከቤተ ክርስቲያኑ በየት በኩል ነበር? ጎረቤቶቹ እነማን ነበሩ?» ቦታው ሲታወስ ሰዎቹ ተከትለው ይመጣሉ። ከዚያ ወደ ሠርግ ሂዱ፦ ሽማግሌ ሆኖ የመጣው ማን ነበር? ሚዜዎቹስ? ሠርግና ለቅሶ ላይ ማን እንደተገኘ መጠየቅ «ዘመዶችዎን ይዘርዝሩልኝ» ከማለት እጅግ ያተርፋል። ፎቶ ካለ አውጥታችሁ አንድ በአንድ አሳዩ።

የማይነካ ነገር አለ። በብዙ ቤት ውስጥ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ፣ የደም ጉዳይ፣ ባርነት ወይም በሙያ የተነሳ የተገለለ ዘር ተሸፍኖ ይኖራል። አዛውንቱ ራሳቸው ካላነሱት አትግፉ። ካነሱት ደግሞ ድምፁን ማጥፋት ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቋቸው።

ደረጃ 4፦ የዝምድና ቃልና የስም ወጥመድ

ጀማሪ ከሁሉ በላይ የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ወንድሜ» የተባለው ሰው የአጎት ልጅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁልጊዜ አስከትሉ፦ «የእናት የአባት ልጅ ናችሁ? ወይስ በአባት ብቻ? በእናት ብቻ?» በአያቱ ቤት ያደገ ሰው አያቱን «አባቴ» ይላል። ይባስ ብሎም ትምህርት ቤት ሲገባ በአያቱ ወይም በአጎቱ ስም ይመዘገባል። ወረቀቱ አንድ ትውልድ ዘለለ ማለት ነው። አንድ ሰው በሰነድ ላይ ያለው የአባት ስም ከወንድሞቹ ከተለየ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ፤ ቀጥሎ የእንጀራ አባትን፣ የጡት ልጅነትንና ጉዲፈቻን።

ከቅድመ አያት በላይ ያሉት መጠሪያዎች፣ ምንጅላትን ጨምሮ፣ ከአገር አገር ቅደም ተከተላቸው ይለያያል። «ምንጅላቴ» ሲሏችሁ መጠሪያውን ብቻ አትጻፉ፤ ስሞቹን አንድ በአንድ አስቆጥሩ።

ስሞች ይታጠፋሉ፦ ወልደ ሚካኤል ወልዴ፣ ገብረ ሥላሴ ገብሬ፣ ኃይለ ማርያም ኃይሌ ይሆናል። በቤት «ወልዴ» የተባለው ሰው በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ በሙሉ ስሙ ነው የሚገኘው። በአንዳንድ አገር አማት ለምራቷ አዲስ ስም ታወጣለች፤ ስለዚህ አያታችሁ በትውልድ መንደራቸው በሌላ ስም ይታወቁ ይሆናል። የመነኮሰም ስሙ ይለወጣል። «አባ» ብሎ የሚጀምር ሁሉ ደግሞ መነኩሴ አይደለም፤ የምኒልክ «አባ ዳኘው» እና የቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ» የፈረስ ስሞች ናቸው፣ ባላገሩም እንዲሁ ነበረው። ግራዝማች፣ ቀኛዝማች፣ ባላምባራስ፣ ነጋድራስ ማዕረግ ነው፤ በስም ቦታ ሳይሆን ለብቻው ጻፉት።

መዝገብ ስትፈልጉ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ ተለዋውጠው ሊጻፉ እንደሚችሉ አትርሱ። በኮምፒውተር ፍለጋ «ፀሐይ» ብላችሁ ካጣችሁ «ጸሀይ» ብላችሁ ሞክሩ።

ደረጃ 5፦ ዘመኑን ማውጣት

አዛውንት ዓመተ ምሕረት ባያስታውሱ እንኳ ሦስት ነገር ያስታውሳሉ፦ ታላላቅ ክስተቶችን፣ ዘመኑ የሚጠራበትን ወንጌላዊና የታቦቱን ቀን። እነዚህ ሲገጣጠሙ ቀኑን ያወጣሉ።

በደብተራችሁ የመጨረሻ ገጽ ላይ የክስተት ዝርዝር ይኑራችሁ፦ በ1880 የጀመረው ክፉ ቀን፤ ዓድዋ፣ የካቲት 1888፤ የሰገሌ ጦርነት፣ ጥቅምት 1909፤ የኅዳር በሽታ፣ 1911፤ ማይጨው፣ መጋቢት 1928፤ የንጉሡ መመለስ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933፤ የታኅሣሥ ግርግር፣ 1953፤ አብዮቱ፣ 1966፤ የ77ቱ ድርቅ። በየአካባቢው ደግሞ ሌላ አለ፤ አንበጣ፣ የደብሩ መታነጽ፣ መንገዱ የገባበት ዓመት።

ወንጌላዊውን ለማወቅ ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍሉ። ቀሪው 1 ከሆነ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ ነው፤ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነው። እንዲህ ነው የሚሠራው፦ «ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በኅዳር ሚካኤል ማግስት ተወለድኩ» አሉ እንበል። የኅዳር ሚካኤል ኅዳር 12 ስለሆነ ልደታቸው ኅዳር 13 ነው። ከ1933 በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዘመነ ማርቆሶች 1934 እና 1938 ናቸው። አሁን ሁለቱን መለየት ይቀራል። ታናሽ ወንድማቸው በ1937 ተጠምቆ ከሆነ 1938 ይወድቃል፤ መልሱ ኅዳር 13 ቀን 1934 ነው፣ በፈረንጆች 22 ኖቬምበር 1941። የክርስትናው ቀን የሚታወስ ከሆነም ይመሰክራል፦ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ስለሚነሱ፣ ኅዳር 13 የተወለደች ሴት ክርስትናዋ የካቲት 2 ላይ ይውላል። በሕመም ወይም በጉዞ የዘገየ ክርስትና ስላለ ግን ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስትቀይሩ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ 7፣ ከዚያ ወዲህ እስከ ጳጉሜን 8 ይደመራል። ዓመቱን ብቻ ደምረው ወሩንና ቀኑን እንዳለ የተዉ ሰነዶች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ሁልጊዜ መጀመሪያ በሰነዱ ላይ ያለውን እንዳለ ገልብጡ፤ የቀየራችሁትን ከጎኑ ጻፉ።

ደረጃ 6፦ በሳጥን ውስጥ ያለው ወረቀት

ቤት ውስጥ ያለውን ሳትጨርሱ ቢሮ አትሂዱ። የሚፈለጉት እነዚህ ናቸው፦ የድሮ የመሬት ግብር ደረሰኝ፣ የአርበኝነት ወረቀትና ሜዳሊያ፣ የጡረታ ደብተር፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የትምህርት ቤት ካርድ፣ የጋብቻ ውል፣ የኒካህ ወረቀት፣ የኑዛዜ ወረቀት፣ ደብዳቤዎች። አሮጌ መዝሙረ ዳዊት ወይም ቁርኣን ካለ የፊትና የኋላ ባዶ ቅጠሎቹን ተመልከቱ፤ የልጆች ልደትና የሞት ቀን የሚጻፈው እዚያ ነው።

ፎቶ በስተጀርባው የስቱዲዮ ማኅተምና ቀን ሊኖረው ስለሚችል ሁለቱንም ገጽ ቅዱ። ስካነር ካለ 600 ዲፒአይ ላይ አድርጉት፤ ከሌለ በጥላ ውስጥ ቀን ላይ በስልክ አንሱ፣ ፍላሽ አትጠቀሙ። በፎቶው ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ ቀለሙ ወደ ፊት ያልፋል። አልበም ላይ የተጣበቀን ፎቶ አትገንጥሉ፣ እንዳለ አንሱት። ሰነድ ላሚኔት አታስደርጉ፤ አንዴ ከተጣበቀ አይላቀቅም፣ ሙቀቱም ቀለሙን ይጎዳል።

ደረጃ 7፦ መዝገቦች

እድር የመጀመሪያው በር ይሁን። የእድር መዝገብ የአባሉን ስም ብቻ ሳይሆን እድሩ የሚቀብርለትን ቤተሰብ፣ እናት፣ አባትና ልጆችን ጭምር ይይዛል። ከዳኛው ወይም ከጸሐፊው አስፈቅዱና የቤተሰባችሁን ገጽ ብቻ ገልብጡ። ይህን የሚያህል ቅርብና ዝርዝር ምንጭ አናውቅም፤ ብዙ ሰው ግን አያስበውም።

የውርስ ፋይል ይከተላል። አንድ ሰው ሲሞት የወራሽነት ማስረጃ ከወጣ፣ ወራሾቹ ሁሉ ከነዝምድናቸው በፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ ተዘርዝረዋል፤ ምስክሮቹም ብዙ ጊዜ ዘመዶች ናቸው። የመዝገብ ቁጥሩን ከወራሾቹ አንዱ ቤት ካለው ውሳኔ ላይ ውሰዱ። ያለ ቁጥር መፈለግ ብዙ ጊዜ ሳይሳካ ይቀራል። በሙስሊም ቤተሰብ የጋብቻ፣ የፍቺና የውርስ ጉዳይ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታይ ስለሚችል እዚያም ጠይቁ።

ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ ተስፋችሁን መጥኑ። በገጠር ደብሮች ጥምቀት በመዝገብ የተያዘበት ብዙ አይደለም። በከተማ ደብሮች የሰበካ ጉባኤ የአባላት መዝገብና የክርስትና ካርድ ይገኛል። የሚሲዮን አብያተ ክርስቲያናት የተሻለ የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ አላቸው። ዋናው ግን መቃብሩ ነው። የሐውልት ጽሑፎችን ጸሐይ ከጎን በምትመታበት ጠዋት አንሱ፣ ፊደሉ ጎልቶ ይወጣል። በሽቦ ብሩሽ ወይም በኬሚካል አታጽዱ። የከተማ መቃብር ለግንባታ ሊነሳ ስለሚችል ይህን ሥራ ለሌላ ጊዜ አታሳድሩት።

ቀበሌ ከ1967 በኋላ የመጣ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለውን እዚያ አትፈልጉ። አዲስ አበባ ውስጥ ቀበሌዎች ተዋህደው ወረዳ ስለሆኑና ቁጥሮች ስለተቀየሩ፣ የድሮውን ከፍተኛና ቀበሌ ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። ለገጠሩም ከ1967 በፊት በነበረ ሰነድ ላይ የሚገኘው ጠቅላይ ግዛት፣ አውራጃና ወረዳ ነው። በገጻችሁ ላይ የድሮውንም የዛሬውንም አስፍሩ።

አባት ወይም አያት ሹመት ወይም የመንግሥት ሥራ ከነበራቸው ከ1934 ጀምሮ የወጣውን ነጋሪት ጋዜጣና ከ1933 ጀምሮ የታተመውን አዲስ ዘመንን ተመልከቱ፤ ሹመት፣ የፍርድ ቤት መጥሪያና የሐዘን ማስታወቂያ ይገኝባቸዋል። ሁለቱም አዲስ አበባ ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አሉ፤ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም ይረዳል። ቢያንስ ዓመቱን ሳታውቁ ከሄዳችሁ ግን ቀኑን ሙሉ ጋዜጣ ስታገላብጡ ትውላላችሁ።

ውጭ አገር ላላችሁ

አሜሪካ በስደተኝነት የገባ ወላጅ በማመልከቻው ላይ የወላጆቹን፣ የወንድምና የእህቶቹን ስም ዘርዝሯል። የኢሚግሬሽን ፋይሉን ባለቤቱ ራሱ መጠየቅ ይችላል። በዚያ ፋይል ላይ ያለ «ጃንዋሪ 1» የሚል ልደት ብዙ ጊዜ ቀኑ ስላልታወቀ የተሞላ ነውና እንደ እውነተኛ ቀን አትያዙት። ከቤተ እስራኤል ለሆናችሁ ደግሞ፣ እስራኤል ሲገቡ የተሰጠውን የዕብራይስጥ ስምና እንደ ቤተሰብ ስም የተመዘገበውን የአባት ወይም የአያት ስም ከአገር ቤቱ ስም ጋር አጣምራችሁ ጻፉ። አንዱ ወንድም በአባቱ፣ ሌላው በአያቱ ስም ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። ሰባት ቤት መቁጠሩን የሚያውቁ ቄሶችን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ሽማግሌን በቴሌግራም ከመጠየቅ፣ አጠገባቸው ላለ የልጅ ልጅ ጥያቄዎቹን ልካችሁ እርሱ ቢቀዳላችሁ ይሻላል። መስመሩ ሲቆራረጥ አዛውንት በአጭሩ ይመልሳሉ።

የዘረ መል ምርመራ ለጀማሪ አይመከርም። በመረጃ ቋቶቹ ውስጥ የተመረመረ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ስለሆነ የቅርብ ዘመድ የማግኘት ዕድሉ ዝቅተኛ ነው፤ የተደበቀ የአባትነት ጉዳይ ግን በአንድ ሌሊት ሊያወጣ ይችላል።

ደረጃ 8፦ መፈተሽ

አንድ ትውልድ በአማካይ ከ25 እስከ 30 ዓመት ይቆጠራል። «ከዐፄ ፋሲል አምስተኛ ትውልድ ነን» ከተባላችሁ፣ ፋሲል ከነገሡ ከ350 ዓመት በላይ ስለሆነ ቢያንስ አሥራ ሁለት ትውልድ ያስፈልጋል፤ መካከሉ ተዘሏል ማለት ነው። «የእገሌ ልጅ» የሚለው ብዙ ጊዜ «ከእገሌ የሚወለድ» ማለት ስለሆነ የሚዘለለው በዚህ ነው። እናት ከ14 ዓመት በፊት ወይም ከ50 በኋላ ወልዳ ከሆነ፣ በሁለት ወንድማማች መካከል ከዘጠኝ ወር ያነሰ ልዩነት ካለ፣ ገጹ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጉ። ሁለት ሰዎች የተለያየ ነገር ከነገሯችሁ አንዱን አታጥፉ፤ ሁለቱንም ከነተናጋሪዎቹ ጻፉ።

ወደ ኮምፒውተር ስታስገቡ ፕሮግራሙ የቤተሰብ ስም ካስገደዳችሁ የአያትን ስም አትሙሉበት፤ አንድ ቤተሰብ በየትውልዱ የተለያየ ቤተሰብ ሆኖ ይታያል። ግራምፕስ የተባለው ነጻ ፕሮግራም የአባት ስምን በአባት ስምነቱ መመዝገብ ስለሚያስችል ለእኛ ይስማማል፤ በግዕዝ ፊደልም ይሠራል። ቅጂ በሦስት ቦታ ይኑር፦ በስልክ፣ በፍላሽ ዲስክ፣ በሌላ ከተማ ባለ ዘመድ እጅ። በሕይወት ያሉ ሰዎችን ልደትና የእናት ስም ኢንተርኔት ላይ አትለጥፉ።

ከ1 እስከ 15 ያለው ሲሞላ በትልቅ ፊደል አትማችሁ ለጠየቃችኋቸው አዛውንት ሁሉ መልሱላቸው፤ ማንበብ ለማይችሉት አንብቡላቸው። ሰፊ ባዶ ቦታ ተዉበት። «ይሄ ልክ አይደለም፣ እሷ የመጀመሪያ ሚስቱ ልጅ ናት» የሚለው እርማት የሚመጣው የተጻፈውን ሲሰሙ ነው።